ለእታለም ይድረስ፦ የተጣለው ክኒን፣ የሚያቃጥለው እግርና ከመተማ የመጣው ትኩሳት

እንዴት ከረማችሁ ውዶቼ! ደብረ ማርቆስ የታኅሣሥ ብርድ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ጋቢ ሳይደርቡ መውጣት አይሞከርም። ሰሞኑን የደረሱኝን ደብዳቤዎች እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በአብዛኞቹ ውስጥ ጓደኛ አለ። አንዳንዱ በስልክ የተዋወቁት፣ መልኩን ከፎቶ በቀር የማያውቁት፣ ግን ሌሊት ሲጨንቃቸው ከጎረቤት ቀድመው የሚጽፉለት ጓደኛ። እኔ ይህን ዓይነት ጓደኝነት አልንቅም። ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ የሚያዋየው ሰው ያጣ በሽተኛ እንዴት እንደሚጎዳ አይቻለሁ። የዛሬው ጭንቀቴ ሌላ ነው። ጓደኛ ሐኪም ቤት ሂጂ ሲል ደግ ነው፤ ሐኪም ቤቱን ሲተካ ግን ያስፈራኛል። እስቲ ወደ ደብዳቤዎቹ እንግባ።

«እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። የ54 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ ነው፤ አሁን ከልጆቼ ጋር አዲስ አበባ እኖራለሁ። በቴሌግራም የተዋወቅን ስድስት ሴቶች አለን። ሁለቱ ባሕር ዳር፣ አንዷ ፍኖተ ሰላም፣ አንዷ ደሴ፣ አንዷ ዱባይ ናቸው። ጠዋት ቡና ስናፈላ የጀበናችንን ፎቶ እንላላካለን። የልጅ ምርቃት፣ የእናት ሞት፣ የጉልበት ሕመም፣ የማናወራው የለም። ሦስት ዓመታችን ነው፤ በአካል ግን ተያይተን አናውቅም። ለጥምቀት ባሕር ዳር ተገናኝተን በጀልባ ዘጌ ልንሻገር ተቃጥረናል። ጭንቀቴ ይኸውልሽ። ደም ግፊት አለብኝ። አምሎዲፒን በቀን አንድ እውጥ ነበር። አንዷ ጓደኛችን ‹እኔ ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ይዤ ክኒኑን ጣልኩት፣ ዳንኩ› አለች። እኔንም እግሬን ያሳብጠኝ ስለነበር ደስ ብሎኝ ተውኩት። ሃያ ቀን ሆነኝ። ራሴን አላመመኝም፣ ምንም የለኝም። ልጄ ግን ተቆጣችኝ። ደግሞ ግፊት ያለበት ሰው ዓባይ በረሃ ሲወርድ ልቡ ይቆማል ይሉኛል። እውነት ነው? የቡሬዋ ነኝ።»

የቡሬዋ እህቴ፣ ልጅሽ ልክ ናት። ይህን ስታነቢ ተነሺና ተለኪ። ነገ አትበይ።

«ራሴን አላመመኝም» ያልሽው ነው በጣም ያሳሰበኝ። ደም ግፊት አይናገርም። አብዛኛው ሰው ከፍ ብሎበት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ቡናውን ይጠጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሰርግ ይሄዳል። ውስጥ ውስጡን ግን የልብን፣ የኩላሊትን፣ የዓይንንና የአንጎልን ደም ሥር ይጎዳል። የሚያውቀው መለኪያው ብቻ ነው። አክስቴ ሞጣ ነበረች። ጠንካራ ሴት ነበረች፣ እህል ከወፍጮ ራሷ ተሸክማ የምትመለስ። «ተሽሎኛል» ብላ ክኒኑን ተወችው። እኔ ነርስ ሆኜ፣ የራሴ አክስት ሆና፣ በየበዓሉ እየደወልኩ «ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ» ስትለኝ አንድም ቀን «ክኒኑንስ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። አንድ ጠዋት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት፤ አፏም ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በሰው እጅ ነው የኖረችው። ለዚህ ነው አሁን ሰው ሳገኝ «ደህና ነሽ?» ብዬ ብቻ የማልተወው።

ስትለኪ እንዲህ አድርጊ። ከመለካትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አትጠጪ። ሽንትሽንም ሽኚ። አምስት ደቂቃ ጀርባሽን ደግፈሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ እግርሽን አታነባብሪ፤ ክንድሽ በልብሽ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። እየተለካሽ አታውሪ (ይህ እኛ ሴቶች የምንቸገርበት ነው)። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድገሚውና ሁለቱንም ቁጥር ጻፊው። በተለያየ ቀን ተለክተሽ 140 በ90ና ከዚያ በላይ እየሆነ ከተመላለሰ ከፍተኛ ነው ማለት ነው። 180 በ120 ደርሶ ደረትሽን ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አፍሽ ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎንሽ ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄጂው።

አሁን ማንም ሳይነግርሽ የቀረውን ልንገርሽ። እግርሽን ያሳበጠው ራሱ አምሎዲፒን ሊሆን ይችላል። የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያሳብጣል። ይህን ብታውቂ ኖሮ ክኒኑን ከመጣል ይልቅ ሐኪምሽ ዘንድ ሄደሽ «እግሬ አበጠ» ትይ ነበር። እሱም መጠኑን ይቀንስልሻል፣ ወይ ሌላ ዓይነት ይቀይርልሻል። የግፊት መድኃኒት አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ አልስማማ ሲል ሌላ አለ። ደግሞ እብጠት ከልብም ከኩላሊትም ሊመጣ ስለሚችል መታየቱ ግድ ነው።

ነጭ ሽንኩርቱን ብዪው። ሽፈራውንም ከወደድሽው ብዪ፤ ኮንሶዎች እንደ ጎመን ነው የሚበሉት። ምግብ ናቸው። በክኒንሽ ቦታ ግን አይቆሙም። ጓደኛሽን አልቆጣትም። ከልቧ ነው የመከረችሽ፤ የረዳት የመሰላትን ነው ያካፈለችሽ። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂያት፦ «ዳንኩ ስትይ ተለክተሽ ነው?» አልተለካች ከሆነ እሷም እንዳንቺው አደጋ ላይ ናት። ምክር እንጋራ፣ ጸሎት እንጋራ፣ የክኒንን ነገር ግን ለየራሳችን ሐኪም እንተው።

የሚረዳሽ ሌላ ነገር ጨው መቀነስ ነው። እኛ ቤት ጨው ሁለት ጊዜ ይገባል። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ አንዴ ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ በላዩ ይጨመራል። በርበሬሽን ያለ ጨው አስፈጪ፣ ድስት ላይ በልክ ጨምሪ። የነቢያት ጾም ላይም ስለሆንን ልበልሽ፤ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ማታ እህል ከቀመስሽ በኋላ ሊዋጥ ይችላል። ዋናው ነገር ሰዓቱን አለመለዋወጥ ነው። አንድ ቀን ከረሳሽ በማግስቱ ሁለት አትዋጪ።

ወደ ዓባይ በረሃ እንምጣ። ልብ አይቆምም እህቴ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርጂ፣ ከዚያ ወደ ደጀን ስትወጪ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርጃለሽ፤ መልሰሽም ትወጪዋለሽ። በዚህ መሐል ጆሮ ይደፈናል። እሱ የአየር ግፊት ነው፤ የደም ግፊት አይደለም። ስማቸው ስለተመሳሰለ ነው ሰው የሚያደባልቃቸው። ማስቲካ አኝኪ፣ ምራቅሽን ዋጪ፣ አፍሽን ከፍተሽ አዛጊ፤ ይከፈታል። ታች ሙቀት አለና ውኃ ያዢ። የሚያስመልስሽ ከሆነ ከፊት ተቀመጪ፣ ስልክሽን አትመልከቺ፣ ሩቅ ሩቁን እዪ። ደግሞ እንቅልፍ ወስዶሽ ካልሆነ በቀር ያንን ገደል ሳታዪው አትለፊ፤ በ2001 ዓ.ም. ዋዜማ የተመረቀውንና በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ስሻገር እኔ ዛሬም ወደ መስኮቱ እጠጋለሁ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ ተቀምጦ መሄድ ለእግር ጥሩ አይደለም። መኪናው በቆመ ቁጥር ውረጂ፣ ተራመጂ። ተቀምጠሽም ቁርጭምጭሚትሽን አንቀሳቅሺ። ክኒንሽን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ እንጂ ጣሪያ ላይ በሚጫነው ሻንጣ አትክተቺ፤ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ትርፍም ጨምሪ። መንገድ ሊዘጋ ይችላልና። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው፤ ባሕር ዳር ያሉት ጓደኞችሽ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ጠዋት ሳይነግሩሽ ከቤትሽ አትውጪ። ካልሆነ በአውሮፕላን፣ እሱም ካልሆነ ለሌላ ጊዜ። ሦስት ዓመት የቆየ ጓደኝነት አንድ ወር ቢጨመርበት ምንም አይሆንም።

ዘጌ ስትሻገሩ በጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣና ይናወጣል። ጀልባው ውስጥ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ሳትጠይቁ አትሳፈሩ፤ ለስድስታችሁም ይሁን። ከጀልባው ወርዳችሁ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡና ጫካ መሐል ዳገት አለ፤ ቀስ እያላችሁ ውጡት። ክብራን ገብርኤል ግን ሴት ስለማይገባ ያንን ለባለ ጀልባው ቀድማችሁ ንገሩት፤ ያላወቁ ሴቶች ከወደቡ ሲመለሱ አይቼ አዝኛለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። የግፊት መለኪያ ይዘሽ ሂጂ። ባሕር ዳር የመጀመሪያውን ቡና ከማፍላታችሁ በፊት ስድስታችሁም ተለኩ። ቁጥሩን ጻፉልኝ።

«ጤና ይስጥልኝ እታለም። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ደብረ ወርቅ አካባቢ ገበሬ ነኝ። አፈራችን ቀይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በባዶ እግሬ ነው ያረስኩት። ዓመት ሆነኝ፣ እግሬን ያሳክከኛል። ማታ ማታ ያቃጥለኛል፣ የእግሬ ጀርባም ያብጣል፤ ሲነጋ ይጎድላል። አጎቴ ዝሆኔ ነበረበት። ሰርግ ቤት ማንም አጠገቡ አይቀመጥም ነበር። ለፋሲካ ማግስት ሰርጌ ተቆርጧል። በስልክ የተዋወቅሁት አረብ አገር ያለ ጓደኛ አለኝ፤ ‹በዘር ነው፣ ለልጅቷ ሳትናገር አግባት› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ያስተላልፋልና ተው› አለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ? ማንም እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው ለርስዎ የጻፍኩት።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አጎትህ የጻፍከው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጎጃም ውስጥ ስንት ሰው በዚህ በሽታ ተገልሎ ኖሯል! ስንቱ ከሰንበቴ፣ ከማኅበር፣ ከገበያ ቀርቷል! በማያስተላልፍ በሽታ።

አዎ፣ አያስተላልፍም። በደንብ ልድገምልህ። በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ በጫማ፣ በውኃ አያስተላልፍም። የአንተ ዓይነቱ የእግር እብጠት በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «እግር» እና «አቧራ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የኖረ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ስሙ ራሱ ምክንያቱን ይነግርሃል። ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የደጋው ቀይ አፈር በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ አለው። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጠው ብናኙ በቆዳው ይገባና በእግር ውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ያቆስላል። ሥሮቹ ሲደፈኑ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ እግር ያብጣል። እርግማን አይደለም፤ ኃጢአትም አይደለም። በቆላ አገር በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚመጣ ሌላ የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ የደጋው ግን የአፈሩ ነው።

«በዘር ነው» ያለህ ጓደኛህ ከፊሉን ይዞ ከፊሉን ጥሏል። አንዳንድ ቤተሰብ ለዚህ አፈር ከሌላው ይበልጥ ስሱ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው የሚታመመው ለዚህ ነው። ነገር ግን ከዚያው ቤተሰብ ተወልዶ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ ልጅ አይታመምም። አየህ፣ ልጆችህን ማዳን በእጅህ ነው።

የነገርከኝ ምልክት መጀመሪያው ላይ ያለ ነው የሚመስለኝ። ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር ገና ሊመለስ የሚችል እግር ነው። ስለዚህ አትዘግይ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደህ ታይ፤ የልብና የኩላሊት ችግር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና ውድ አይደለም፤ ግን በየቀኑ ነው። እግርህን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ታጠብ፣ ጣቶችህ መሐል ሳይቀር። በረኪና በጣም በትንሹ በውኃ ተበርዞ እግር የሚዘፈዘፍበት አሠራር አለ፤ መጠኑን ጤና ባለሙያው ያሳይህ እንጂ በግምት አታድርገው። አድርቀው። ቫዝሊን ቀባው፤ ቆዳው ከተሰነጠቀ ጀርም ይገባበታልና። ማታ ስትቀመጥ እግርህን ከፍ አድርግ። ቀን ቀን ካልሲና ድፍን ጫማ አድርግ፤ ስታርስም ጭምር። ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል፣ ግን ያልባልና ያለ ካልሲ አታድርገው። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ አፈሩን ስለሚያስገባ አይበቃህም። ቤትህ ወለሉ አፈር ከሆነም ምንጣፍ አንጥፍበት፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ያወልቅና እዚያው ቀይ አፈር ላይ ይውላል። አንዳንዴ እግሩ ድንገት ሊግል፣ ሊቀላ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሥራ አቁመህ ተኛ፣ እግርህን በቀዝቃዛ ውኃ አብርድ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ሂድ።

ስለ ልጅቷ። ሳትነግራት አታግባት። ግን ብቻዋንም አትንገራት። ጤና ጣቢያ ይዘሃት ሂድና አብራችሁ ከባለሙያው አፍ ስሙት፤ ከአንተ አፍ ስትሰማው ልመና ይመስላታል። ከቻልክ እናቷን ጨምር፤ ሰርግ የሚያፈርሱት ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸውና ወሬው ከሌላ ሰው አይድረሳቸው። «ሳትናገር አግባት» ያለህ ጓደኛ ከጭንቀትህ ሊገላግልህ ፈልጎ ነው። ግን እሱ አረብ አገር ነው፤ ከዚህች ልጅ ጋር የምትኖረው አንተ ነህ። ማታ እግርህን ተደብቀህ እየታጠብክ ልትኖር አትችልም።

«ልጄ እታለም፣ እንደምን አለሽ። ከእንጅባራ ወጣ ካለ ገጠር ነው የምጽፍልሽ፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። የ19 ዓመት ወንድ ልጄ መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ኅዳር ላይ ተመለሰ። ከመጣ ጀምሮ ትኩሳቱ አልለቀቀውም፤ ሦስት ሳምንት አለፈው። ከስቶ አጥንቱ ቀረ። ግራ ጎኑ ሥር ጠጥሮብኛል። አብረውት የወረዱት ጓደኞቹ በስልክ ‹ወባ ነው› እያሉ የክኒን ስም ይጽፉለታል፤ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ሁለቴ ጨረሰው። ምን ላድርግ?»

እናቴ፣ ዛሬ ሆስፒታል ይውሰዱት። መድኃኒት ቤት አይበቃም፤ ሆስፒታል ነው። ገብታችሁም የመጀመሪያው ቃል ይህ ይሁን፦ «ልጄ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ነበር።» ደጋ ያለ ሐኪም ይህን ካልሰማ ሌላ በሽታ ሲፈልግ ቀን ያልፋል።

ወባ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ጊዜ መድኃኒት ጨርሶ ያልለቀቀ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ የሚያከሳ፣ ግራ ጎን ሥር ያለውን ጣፊያ የሚያሳብጥ ትኩሳት ከመተማና ከሁመራ በኩል ሲመጣ ካላዛር ነው የሚያስጠረጥረው። የሚያስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ማታ ማታ ነው የምትነክሰው፤ በቆላው የግራር ጥላ፣ የተሰነጠቀ መሬትና ኩይሳ ባለበት ትበዛለች። ሠራተኛው ደግሞ ደክሞት እዚያው እርሻው ላይ ነው የሚያድረው። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ከታከመ ግን ይድናል። መርፌ ነው፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ 17 ቀን የሚወሰድ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ራሱን የቻለ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው፤ ወደዚያ ከላኩት አይፍሩ። የኤችአይቪ ምርመራም ይጠይቁታል፤ ሁለቱ አብረው ሲገኙ ሕክምናው ስለሚለይ ነው እንጂ ልጅዎን ጠርጥረው አይደለም።

ለእነዚያ ጓደኞቹም በልጅ ልጅዎ ስልክ ይጻፉላቸው። እነሱም አንድ እርሻ ላይ አብረው ያደሩ ናቸው። ትኩሳት ያለበት ካለ ክኒን መጻጻፉን ትቶ ይመርመር። ለከርሞ የሚወርድ ካለ አጎበር ይዞ ይውረድ፣ ማታ እጅጌ ሙሉ ይልበስ። ትኩሳት በያዘው በ24 ሰዓት ውስጥም ለምርመራ ደም ይስጥ።

እናቴ፣ ውጤቱን ሲሰሙ ያስጽፉልኝ። እጠብቃለሁ።

«ሰላም እታለም! ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። ፈተና ስንጨርስ ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ገብተን ዋኘን። ማታውን እግሬና ሆዴ ላይ አሳከከኝ፣ ነጠብጣብ ወጣብኝ፤ አሁን ጠፍቷል። ጓደኞቼ ‹ሳር ነው› አሉኝ። ይረሳ?»

አይረሳም የኔ ልጅ። ሳር ሊሆን ይችላል፣ ግን ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚያድገው ዳር ዳሩን ባለው ጥልቀት የሌለው ውኃና ቄጠማ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ በቆዳው ሰርስሮ ይገባል። ማሳከኩ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ብትመረመሪ ላይታይ ይችላል። ከዋኘሽበት ቀን ስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆጥረሽ ሰገራ ተመርመሪ፤ አብረውሽ የዋኙትም እንዲሁ። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሳል ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ ግን ቀኑን አትጠብቂ። ከተገኘብሽ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን በክብደትሽ ልክ ይሰጥሻል፤ ይድናል።

«እታለም፣ እናታችን 61 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሁለት ሳምንት ጸበል ልትገባ ነው። ቦታው ገጠር ነው፣ ፍሪጅ የለም። የሰፈር ሰዎች ‹ጸበልና መድኃኒት አይገጥምም፣ መርፌውን ታቁም› አሏት። እህቶቼና እኔ በዚህ ተጣላን።»

መርፌውን እንዳታቆም። እግዚአብሔር በጸበልም በሐኪምም ይፈውሳል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። የቦታውን አባት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በሰፈር ሰው ቃል አትጣሉ።

ኢንሱሊኑን እንዲህ ያዙላት። የሸክላ ማሰሮ ግዙ፣ ከተቀባው ይልቅ ያልተቀባው ይሻላል። ከሱ አነስ ያለ ሌላ ማሰሮ ውስጡ አስገቡ፣ በመሐላቸው አሸዋ ሙሉና አሸዋውን በየቀኑ በውኃ አርጥቡት። ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጡ፣ በእርጥብ ጨርቅም ክደኑት። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ውኃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል። በበረዶ ግን አይነካ፤ ወደ በረዶ ከተለወጠ ይበላሻል።

ከሁሉም በላይ መጾሙን ከሐኪሟ ጋር ሳትመክር አትጀምረው። ኢንሱሊን ወግቶ እህል ሳይቀምሱ መቆየት ስኳርን ያወርደዋል። ላብ ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ነገር ከተምታታባት ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወዲያው አጠጧት፣ ከዚያ እህል ትቅመስ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አትስጧት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አፋጥኑ። ስኳሩን በትንሽ ቋጠሮ አድርጋችሁ በመቀነቷ እሰሩላት። አብራት የምታድረዋ ልጅ ደግሞ ይህን ሁሉ ዛሬ ማታ ቁጭ ብላ ትማር።